ዴስክቶፔ ከቤቴ ቁልፍ ጋር

ላፕቶፔ ከባጃጅ ወደቀ። ቦርሳውን በደንብ አልዘጋሁትም ነበር፤ ከፒያሳ ወደ አቶቴ ስንሄድ መንገድ ላይ እሱ ወረደ፣ እኔ ቀረሁ። ስክሪኑ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ማዘርቦርዱም አብሮ ሄደ። ጠጋኙ የጠራልኝን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም፣ በባዶ ሆዱ የሚያነብ ሰው ይኖራል።

ስለዚህ ሁለት ወር ያህል በሰው ኮምፒውተር ነው የሠራሁት። ጠዋት በማስተምርበት ቦታ ላብ ውስጥ፣ ከሰዓት ፒያሳ ያለች አንዲት ፕሪንት ቤት፣ ማታ ደግሞ ወንድሜ ቤት፣ ዛሬም ዊንዶውስ 7 ተሸክማ የምታቃስት አሮጌ ማሽን ላይ። ሥራዬ የሚከብድ ነገር የለውም። የሠርግ ካርድ፣ ባነር፣ ሲቪ፣ የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስተካከል። የሚያደክመኝ መነሻው ነበር። አንዱ ጋ ጊምፕ የሚባለው የምስል መሥሪያ ፕሮግራም የለም። ሌላው ጋ ብሮውዘሩ በማላውቀው ሰው ኢሜይል ተከፍቷል። ሦስተኛው ጋ ዴስክቶፑ ላይ አይኮን በአይኮን ላይ ተከምሮ፣ የምፈልገውን እስካገኝ ደንበኛው ወጥቶ ቡናውን ጠጥቶ ይመለሳል።

የራሴ ላፕቶፕ ላይ ዶክ ነበረኝ። ዶክ ማለት ከስክሪኑ ግርጌ የተደረደሩ ትልልቅ አይኮኖች ናቸው፣ ማውስ ሲጠጋቸው ነፋ የሚሉት። የማክ ተጠቃሚዎች ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሲስተሙ ጋር አብሮ ይመጣላቸዋል፤ እኛ ዊንዶውስ ላይ ያለነው በሮኬትዶክ ነው የምናመጣው። ነፃ ነው፣ ትንሽ ነው። ግን አርጅቷል፤ የመጨረሻው ቅጂ 1.3.5 ሲሆን የተሠራው ለኤክስፒና ለቪስታ ዘመን ነው። ሆኖም ዊንዶውስ 10 ላይም ሳያጉረመርም ይሠራል። ያቺን ዶክ ከነአይኮኖቿ በ16 ጊጋ ፍላሽ ከቤቴ ቁልፍ ጋር አስሬ ብዞርስ አልኩ። ሐሳቡ እንዲህ ሲሉት የአንድ ምሽት ሥራ ይመስላል። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ያደረግኩት የዋህ ሰው የሚያደርገውን ነው። ወንድሜ ቤት ሮኬትዶክን ጫንኩ፣ አይኮኖቼን ደረደርኩ፣ ፎልደሩን እንዳለ ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ። በማግስቱ ፕሪንት ቤት ሰካሁትና ከፈትኩ። ዶኳ መጣች። ግን ባዳ ሆና! የኔ አይኮኖች የሉም፣ ገና ዛሬ የተጫነች ይመስል የራሷን ነባር አይኮኖች ደርድራ ቆመች።

ምክንያቱ ለካ ሮኬትዶክ ሴቲንጉን የሚያስቀምጠው ሬጂስትሪ ውስጥ ነው፣ ማለትም በዚያው ዊንዶውስ ሆድ ውስጥ። እኔ ቤቱን ነቅዬ ወሰድኩ እንጂ ዕቃው ወንድሜ ጋ ቀርቷል። መፍትሔው የአንድ ክሊክ ሥራ ነበር። የዶኩ ሴቲንግ ውስጥ፣ ጀነራል የሚለው ገጽ ላይ፣ ሴቲንጉን በፖርተብል አይኤንአይ ፋይል አስቀምጥ የሚል ሳጥን አለ። እሱን ስትነኩት ሁሉም ነገር ከፕሮግራሙ ጎን ባለች አንዲት የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ይገባል። እዚያው እያላችሁ ከዊንዶውስ ጋር አብረህ ተነሳ የሚለውንም አጥፉት፤ እሱን ማብራት የሰው ኮምፒውተር ላይ የራስን ዱካ መትከል ነው።

ደስ አለኝ። ደስታዬ እስከ ጠዋት ቆየ።

ጠዋት ላብ ውስጥ ስከፍተው አይኮኖቹ በቦታቸው አሉ፣ ስጫናቸው ግን አንዱም አይከፍትም። ያቺን አይኤንአይ ፋይል በኖትፓድ ከፈትኳት። ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። እያንዳንዱ አይኮን የሚጠራው ሙሉ አድራሻ ነው፣ አድራሻው ደግሞ በድራይቭ ፊደል ይጀምራል። ወንድሜ ጋ ፍላሼ ኢ ነበር። ላብ ውስጥ ኤፍ ሆኗል። ፕሪንት ቤት ደግሞ ከኮምፒውተሩ ጋር የተገጠመ የሚሞሪ ካርድ ማንበቢያ አለ፣ አራት ቀዳዳ ስላለው ባዶውን ቁጭ ብሎ አራት ፊደል ይዟል፤ የኔ ፍላሽ ተገፍቶ አይ ላይ ደርሷል። ዊንዶውስ የሚሰጠው ያገኘውን ክፍት ፊደል ነው፣ ማን እንደሆንክ አይጠይቅም።

ጥቂት ቀን በኖትፓድ ኢውን በኤፍ፣ ኤፉን በአይ እየለወጥኩ ቆየሁ። ፕሪንት ቤቷን የምታስተዳድረው እትዬ (እኔ እትዬ ነው የምላት፣ እሷ ደግሞ አንተ ልጅ ትለኛለች) ከኋላዬ ቆማ አየችኝ።

«አንተ ልጅ፣ ሁልጊዜ መጀመሪያ ፊደል ነው እንዴ የምትቆጥረው?»

«አድራሻ እያስተካከልኩ ነው እትዬ።»

«እኔማ አድራሻዬ አንድ ነው፣ ፒያሳ። ለሱም ቋሚ ስጠዋ!»

እየቀለደች ነበር። ግን ልክ ነበረች። ቋሚ አድራሻ መስጠት ይቻላል። ዊንዶውስ ውስጥ ከዶስ ዘመን ጀምሮ ያለች ሰብስት የምትባል ትዕዛዝ አለች። ሥራዋ አንድን ፎልደር ወይም ድራይቭ በሌላ ፊደል መጥራት ነው። ፍላሹ ኢ ይሁን ኤፍ ይሁን አይ፣ ከዛሬ ጀምሮ ፒ ብዬ እጠራዋለሁ ትሉታላችሁ፣ እሺ ይላል። የአድሚን ፓስዎርድ አትጠይቅም፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋም አብራ ትጠፋለች። ለእንግዳ ሰው ከዚህ የተሻለ ጸባይ የለም።

ስለዚህ ፍላሹ ላይ አንዲት የባች ፋይል ጻፍኩ፣ ማለትም ሁለቴ ክሊክ ሲያደርጓት የተጻፈባትን ትዕዛዝ በተራ የምትፈጽም የጽሑፍ ፋይል፣ ሁለት መስመር ብቻ። የመጀመሪያው ፋይሏ ያለችበትን ድራይቭ ፒ ብሎ ይሰይማል፤ ሁለተኛው ሮኬትዶክን ከፒ ላይ ያስነሳል። ፋይሏ የት ፊደል ላይ እንዳለች ራሷ እንድታውቅ የሚያደርጋት ፐርሰንት፣ ሞገዷ ምልክት፣ ዲ እና ዜሮ ተከታትለው ሲጻፉ ነው። እዚህ ላይ አንድ ምሽት ሙሉ ያቃጠለኝን ልንገራችሁ። ድራይቩን ከነባክስላሹ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ከተትኩት፣ ጥሩ ልማድ ነው ሲባል ሰምቼ። ሰብስት መንገዱን አላገኘሁም እያለ መለሰኝ። ለካ መጨረሻ ላይ ያለችው ባክስላሽ ከመዝጊያው ጥቅስ ጋር ስትገጥም ትርጉሟ ይለወጣል። ጥቅሱን አወጣሁት፣ ሠራ።

ለምን ፒ አልኩ? ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ከታች እየቆጠሩ ይመጣሉ፤ የቢሮ ኔትዎርክ ድራይቮች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዜድ ተነስተው ወደ ኋላ ይወርዳሉ። መሐል ላይ ያለ ፊደል ሰላም ያገኛል።

ከዚያ ዶኩ ላይ ያሉትን አይኮኖች በሙሉ አጥፍቼ ከፒ ላይ እንደገና ጎተትኳቸው። ይህን ማድረግ ግድ ነው፣ አለበለዚያ የድሮውን ፊደል ይዘው ይቀራሉ።

አሁን ወደ ዋናው አለመግባባት ልምጣ፣ ምክንያቱም ይህን ያሳየኋቸው ሰዎች ሁሉ የሚጠይቁኝ እሱኑ ነው። ዶክ ፕሮግራም አይሸከምም። የዎርድን አይኮን ከዴስክቶፕ ጎትታችሁ ዶኩ ላይ ብትጥሉት ዎርድ ፍላሽ ውስጥ አልገባም፤ የገባው ስሙና አድራሻው ነው። ሌላ ኮምፒውተር ላይ እንዲከፈት ከተፈለገ ፕሮግራሙ ራሱ ያለ ኢንስቶል የሚሠራ መሆን አለበት። እኔ የፖርተብል አፕስ ስብስብን ነው የተጠቀምኩት፤ ሊብረኦፊስ፣ ፋየርፎክስ፣ ጊምፕ፣ ኢንክስኬፕ፣ ሱማትራ ፒዲኤፍ፣ ቪኤልሲ፣ ሰቨን ዚፕ። ሁሉም ነፃ ናቸው። ፖርተብል ፎቶሾፕ እየተባለ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን ግን ተዉት። ሕጋዊ አይደለም፣ ምን አብሮ እንደሚገባም አታውቁም።

እዚህም ተሳስቻለሁ። የፋየርፎክስ ፖርተብል ፎልደር ውስጥ ሁለት የሚከፈት ፋይል አለ። አንዱ ከላይ ያለው፣ ፖርተብል የሚል ስም የያዘው ነው። ሌላው ወደ ውስጥ ሲገባ የሚገኘው ዋናው ፋየርፎክስ ነው። እኔ ዋናው ይሻላል ብዬ የውስጡን ጎተትኩ። ሲከፈት ቡክማርኬ የለም፣ ምንም የለም። ብሶ ደግሞ፣ ቀኑን ሙሉ የተጠቀምኩበት ሁሉ የተቀመጠው ፍላሼ ላይ ሳይሆን የእትዬ ኮምፒውተር ላይ ነበር። የውጪኛው ፋይል ሥራው ይኸው ነው፤ ፕሮግራሙን ከማስነሳቱ በፊት ዕቃህን እዚህ ፍላሽ ላይ አስቀምጥ ብሎ ይነግረዋል። ሄጄ የተውኩትን ሁሉ ሰረዝኩና ለእትዬ ነገርኳት። ሳቀችብኝ።

በነገራችን ላይ ፖርተብል አፕስ የራሱ ሜኑ አለው። እሱ የድራይቭ ፊደል ጣጣ ውስጥ አይከታችሁም። ዶክ ዶክ የማይላችሁ ከሆነ ያንን ተጠቀሙና ይህን ሁሉ እርሱት። እኔ ዓይኔ ነው ያስቸገረኝ፣ ትልልቆቹን አይኮኖች ለምዶ።

ሌላው ጥያቄ፣ ስሰካው ራሱ እንዲከፈትስ? አይሆንም። ድሮ ይሆን ነበር፤ ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ፍላሽ ራሱን እንዲያስነሳ አይፈቀድለትም፣ ኤክስፒና ቪስታም በ2011 እ.ኤ.አ. በመጣ ማስተካከያ ተዘግቶባቸዋል። ጥፋቱ የቫይረሶቹ ነው፤ እንደ ኮንፊከር ያሉት ከሚዛመቱባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነበር። ስለዚህ የባች ፋይሏን ሁለቴ ክሊክ ማድረግ ነው፣ በቃ። ክሊክ ስታደርጉ ግን በአድሚን ክፈት የሚለውን አትንኩ። እኔ አንድ ቀን ይበልጥ ይሠራ ይሆናል ብዬ ነካሁትና ፒ ከዓይኔ ተሰወረ። በአድሚን የተፈጠረ ፊደል ለተራው ተጠቃሚ አይታየውም፣ የተራውም ለአድሚን እንዲሁ።

ላብ ውስጥ ደግሞ ነገሩ በአጭሩ አለቀ። የኮምፒውተሩ ኃላፊ ከፍላሽ ፕሮግራም ማስነሳት ክልክል ነው አለኝ። አልተከራከርኩም። ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ፣ ተማሪዎቼን የማስተምረው እኔ ሆኜ ሳለ።

ፍጥነቱን ጠይቁኝ። ቀርፋፋ ነው። የኔ ፍላሽ ዩኤስቢ 2.0 ነው፣ ጊምፕ እስኪከፈት ሻይ ይፈላል። ካንዴ ከተከፈተ በኋላ ይሻላል። ትልቅ ባነር ስሠራ ፋይሉን መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጬ፣ ሠርቼ፣ ወደ ፍላሽ መልሼ፣ ከዚያ እሰርዛለሁ። ፍላሹን በፋት 32 በሚባለው የድሮ የፋይል አቀማመጥ ነው የተውኩት፤ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ግን የፕሪንት ቤቷ ማሽን በቀጥታ የሚያነበው እሱን ብቻ ነው።

አነቃቀሉ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ዶኩ ራሱ ከፍላሹ ላይ እየሠራ ስለሆነ ዊንዶውስ ዕቃው ሥራ ላይ ነው እያለ አልለቅም ይላል። ዶኩ ላይ ራይት ክሊክ አድርጌ እዘጋዋለሁ፣ ፖርተብል ፕሮግራሞቹን እዘጋለሁ፣ ከዚያ ፒን የምታጠፋ ሌላ ትንሽ የባች ፋይል አለችኝ፣ እሷን ነክቼ ሴፍሊ ሪሙቭ። ይህን ሥርዓት የተማርኩት መብራት ሄዶብኝ ነው። አይኮን እየጨመርኩ ሳለ ድርግም አለ፤ ሲመለስ ያቺ አይኤንአይ ፋይል ባዶ ሆና አገኘኋት፣ ዜሮ ባይት። ደግነቱ ግልባጯ በኢሜይሌ ነበር። ዶኩን በለወጥኩ ቁጥር አንድ ግልባጭ ለራሴ እልካለሁ።

የይለፍ ቃልስ? ፋየርፎክስ ላይ ዋና የይለፍ ቃል አድርጌበታለሁ። ላፕቶፕ ከባጃጅ የሚጥል ሰው ፍላሽም ይጥላል።

ላፕቶፔ ባለፈው ወር ተጠግኖ መጣ። እሱም ላይ ዶኩን የማስነሳው ከፍላሹ ነው፣ ሁለት ቦታ ማስተካከል ሰለቸኝ። ባለፈው ቅዳሜ ቁልፌን ልወስድ ፕሪንት ቤት ስመለስ (ከነፍላሹ ረስቼው ሄጄ ነበር፣ ይኸው አላልኩም?) እትዬ የራሷን ፍላሽ ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠችኝ።

«እንዳንተው አድርግልኝ። የልጄ ቤት ስሄድ ሥራዬን ልያዝ።»

«እሺ እትዬ፣ ግማሽ ሰዓት ነው።»

ሰካሁት። ሁሉም ፎልደር ሾርትከት ሆኗል። ሾርትከት ቫይረስ፣ ዋናዎቹን ደብቆ አስመስሎ የሚያስቀምጠው። አንዱንም ሳልነካ ኮማንድ ከፍቼ የተደበቁትን አትሪብ በምትባል ትዕዛዝ ማውጣት ጀመርኩ፣ ሾርትከቶቹን እየሰረዝኩ።

«አለቀ?» አለችኝ።

«እትዬ፣ ይህን ፍላሽ ለስንት ሰው አውሰሻል?»

ጣቷን መቁጠር ጀመረች።