«ምን ፈልጋ ነው?»

አካል ጉዳተኛ ተማሪዎቻችን ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ጉዳያቸውን የምከታተለው እኔ ነኝ። ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ። ያኛው ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ተማሪዋ ዓይነ ስውር ናት። ኢኮኖሚክስ ደርሷት፣ ትምህርት ሳይጀመር የድጋፍ ክፍሉን ኃላፊ ለማነጋገር አብረን ሄድን። በፈገግታ ተቀበሉን። «ሐሳብ አይግባችሁ፣ የኮርሱ ጽሑፍ በሙሉ በፒዲኤፍ ተዘጋጅቷል» አሉን።

«ስካን የተደረገ ነው ወይስ የተተየበ?» አለች።

«ፒዲኤፍ ነው አልኩሽ እኮ።»

ስካን የተደረገ ገጽ ፎቶ ነው። ፊደሉን ለይቶ የሚያወጣ ፕሮግራም ካላለፈበት ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ጽሑፍን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም፣ የሚያነበው ነገር አያገኝም። አንዱን ፋይል ስልኳ ላይ አስላከችና ከፈተችው። ስልኩ የገጹን ቁጥር ተናግሮ ቆመ።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ፈልጋ ነው?»

አጠገባቸው ተቀምጣለች እኮ! ጥያቄውን ያነሳችው እሷ፣ ስልኩን የያዘችው እሷ፣ ኮርሱን የምትማረው እሷ። መልሱን ግን ከእኔ ፈለጉ። ደሜ ፈላ። «እሷን ይጠይቋት» አልኩና አፌን ዘጋሁ።

እሷ አልተቆጣችም። የብሬል ማስታወሻዋን በጣቷ እየዳሰሰች ዘረዘረችላቸው። የሚነበብ ፋይል ክፍል ሳይጀመር እንዲደርሳት። ለግራፎቹ በቃላት ማብራሪያ ወይም የሚዳሰስ ሥዕል። ለፈተና ተጨማሪ ሰዓትና ኮምፒውተር። ግቢውንም ሌላው ተማሪ ሳይገባ በበትሯ እየዞረች እንድትለምደው።

«ምን አስቸገረሽ፣ አንባቢ ሰው እንመድብልሻለን» አሏት።

«አንባቢው ሲተኛ እኔ በምን ላጥና?»

እኔ ብሆን እ.ኤ.አ. የ2006ቱን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን እጠቅስ ነበር። አንቀጽ 24 ከፍተኛ ትምህርትን ከሌላው እኩል፣ ማመቻቸትም ተደርጎላቸው እንዲያገኙ ይላል። እሷ ግን ነገሩን ሌሊት የማጥናት ጉዳይ አደረገችው። ይህ ደግሞ ተማሪ የነበረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ኃላፊው ያኔ ነው ብዕር ያነሱት።

ቀጥለው የቅጂ መብት አነሱ፤ መጽሐፍ ወደ ፋይል መቀየር ያስጠይቀናል ብለው። እዚህ ላይ ገባሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የማራካሽ ስምምነት ለዚሁ የተበጀ ነው። የተቀበሉት አገሮች የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች መጽሐፍ በብሬል፣ በድምፅ ወይም በሚነበብ ፋይል ያለ ባለመብቱ ፈቃድ እንዲዘጋጅ ይፈቅዳሉ። ይዤው የሄድኩትን ቅጂ ሰጠኋቸው።

እኛ ጋ እያለች መምህራኑ ቀድመን እናመቻችላት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ግን ተማሪው ራሱ ካልጠየቀ ማንም አይሰጠውም። ስለዚህ ልጆቹ ገና እኛ ጋ ሳሉ ራሳቸው መጠየቅን እንዲለምዱ እንጥራለን። እሷ ከዚህ በላይ እንዴት ትጠይቅ?

የፈተናው ሰዓትና ኮምፒውተሩ ተፈቀደላት። ግቢውንም ለመደችው። ፋይሎቹ ግን ተንጠባጥበው ነው የመጡት፤ የስታትስቲክሱ ፋይል ኮርሱ ተጋምሶም አልደረሳትም። በየሳምንቱ ትጽፍላቸዋለች፣ ለእኔም በግልባጭ ታሳውቀኛለች። መልሱን የሚልኩት ለእኔ ነው። እኔም በየጊዜው «የጻፈችልዎት እሷ ናት፤ እባክዎ ለእሷ ይመልሱላት» እያልኩ እጽፋለሁ።