ከክትፎ ቤት ወጥቶ ቤቴ የገባው ቆጮ

ፒያሳ ላደገ ሰው ከእንሰት ተክል የሚሠራው ቆጮ ማለት የክትፎ አጃቢ ነው። ጤፍ የማይቀመስ ሲሆን ግን በሳምንት አንዳንድ ቀን እንጀራን በቆጮ ልተካ ብዬ ተነሳሁ።

መርካቶ ቆጮ የሚሸጡልኝ እናት መጀመሪያ የጠየቁኝ "ለክትፎ ነው ለቤት?" ብለው ነው። "ለቤት" ስላቸው ከአንዱ ክምር ቆንጠር አድርገው በጣታቸው አሹና "ይኼ የቆየ ነው፣ ይኮመጥጣል። ላልለመደ ያኛው ይሻላል፣ የኔ ልጅ" አሉኝ። በኮባ ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረ ቆጮ ለወራት፣ ከዚያም በላይ ይቀመጣል፤ ማቀዝቀዣ አይጠይቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሬ ጠብ ማለቱን እስኪያቆም እጨምቀዋለሁ። ከዚያ መክተፊያ ላይ ቃጫውን ደጋግሜ እከትፋለሁ፤ እዚህ ላይ የሰነፈ ከጥርሱ መሀል ክር ሲጎትት ይውላል። በወንፊት ነፍቼ፣ ጨው ነስንሼ አሸዋለሁ፤ ኮባ ላይ ሳሳ አድርጌ ዘርግቼም ምጣድ ላይ። ኮባው ጠቆር ሲል ይገለበጣል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ መስኮት ክፈቱ፤ ሽታው ጎረቤት ይጠራል።

ቆጮ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ ኢምንት ነው፤ ብቻውን አይበላም። አይብና ጎመን ለምን አብረውት እንደሚቀርቡ የገባኝ የጉራጌን ጓሮ ሳስበው ነው። ከብቱ ፍግ ይሰጣል፣ ፍጉ እንሰቱን ያሳድጋል፣ ቅጠሉ ተመልሶ ለከብቱ መኖ ይሆናል። አይቡም ቅቤውም ከዚያው ግቢ ነው። ደግሞ እንሰት እንደ በቆሎ የአንድ ክረምት ዝናብ አይወስነውም፤ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ቆሞ ይደርሳል፣ ሲቸግርም ቀደም ብሎ ይቆረጣል። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ 20 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ በእሱ የሚኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ከተሜዎች ግን ኮባውን ለድፎ ዳቦ እንገዛና ተክሉን እንረሳዋለን።

ዋጋው ውስጥ የማይታየው የሴቶቹ ድካም ነው። ያጋደመ ሳንቃ ላይ ግንዱን በእግር ወጥረው በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይፍቁታል፣ ቀኑን ሙሉ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ቆጮ ላይ መከራከር ትቻለሁ። ከእንሰቱ ተጨምቆ በሚወጣው ነጭ ዱቄት፣ በቡላ ላይ ግን እከራከራለሁ፤ ስንዴ ዱቄት የተቀላቀለበት ደርሶኝ ያውቃል።