ሎዶስ የነፈሰ ቀን

ለምሠራበት የሹራብ ፋብሪካ አራት የብረት ሮለር አሠርቼ እንድመጣ ኢስታንቡል የተላክሁት ጥር ላይ ነበር። ለናሙና የሚሆነውን የተበላ ሮለር በጋዜጣ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ ይዣለሁ። ሮለሩ በማሽን እየተላጠ የሚሠራበት ቶርኖ ቤት በእስያ በኩል፣ ካዲኮይ ነው፤ ማረፊያዬ ደግሞ ነጋዴዎቻችን በሚያውቁት ላሌሊ፣ በአውሮፓው በኩል። የቶርኖ ቤቱ ሰዎች ሰኞ ጠዋት መኪና እንላክልህ ብለው ጽፈውልኝ ነበር። አያስፈልግም፣ በራሴ እመጣለሁ አልኳቸው። ብቻዬን ከተማውን ማየት ፈልጌ ነው።

እሑድ መንገዱን ልለማመድ ብዬ ወጣሁ። ትራሙ ቁልቁል ወርዶ ኤሚኖኑ ወደብ አደረሰኝ። የጋላታ ድልድይ ላይ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ዓሣ ያጠምዳል፤ በየሰዉ እግር ሥር ባልዲ፣ ባልዲው ውስጥ የሚርመሰመስ ትንንሽ ዓሣ። አንድ አዛውንት ቆሜ ሳያቸው ቴርሞሳቸውን አነሡና ቀዱልኝ። "ቻይ" አሉ፤ "ሻይ" አልኩ። ከዚያ በላይ የምንግባባበት ቋንቋ አልነበረንም፣ ግን በቃኝ። ከአውሮፕላን ከወረድኩ ጀምሮ ደረቴን የያዘኝ ፍርሃት እዚያ ድልድይ ላይ ለቀቀኝ።

ከዚያ የካዲኮይን ጀልባ ያዝኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ሰዉ ሲሚት የሚሉትን ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ እየቆረሰ ይወረውራል፤ የባሕር ወፎቹ አየር ላይ ይቀልቡታል። ከኋላዬ አውሮፓ፣ ከፊቴ እስያ። ወደ ማዶ ስንጠጋ በስተግራ የሃይደርፓሻ ባቡር ጣቢያ ከውኃው ዳር ብቅ አለ፤ ለገሃራችን ትዝ አለኝ። ማታ መንገዱን አወቅኩት ብዬ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት ኤሚኖኑ ስደርስ የጀልባው መግቢያ ተዘግቷል። ማዕበሉ የወደቡን ድንጋይ እየዘለለ መንገዱን ያረጥባል። በየአፉ "ሎዶስ" ሲባል እሰማለሁ። ሎዶስ ከደቡብ የሚመጣ ነፋስ ነው፤ ሲበረታ ጀልባ ይቆማል። ቀጠሮዬ በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ነው። ይከፈት ይሆናል ብዬ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ሰዉ ሁሉ የተዘጋውን በር አይቶ ወዲያው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ እያየሁ፣ ወዴት ነው ብዬ አልጠየቅኩም። በኋላ አንዲት ተማሪ ሳልጠይቃት ጠጋ ብላ "ማርማራይ" አለችኝና በእጇ ጠቆመችኝ። እ.ኤ.አ. በ2013 የተከፈተ፣ ከባሕሩ ሥር የሚያልፍ ባቡር ነው። ጣቢያው ሲርኬጂ ነው፣ ከወደቡ በእግር ጥቂት ደቂቃ። እሑድ ትራሙ በደጁ አሳልፎኛል። ባቡሩ ባሕሩን ተሻግሮ ኡስኩዳር ለመድረስ አራት ደቂቃ ያህል ነው የፈጀበት።

ቶርኖ ቤቱ ስገባ 4 ሰዓት ከ40 ሆኗል። ኡስታው (የእጅ ባለሙያን በክብር የሚጠሩት እንዲህ ነው) ማሽኑን እስከ እኩለ ቀን ለእኔ አስለቅቀው፣ ሁለት ሠራተኛ አቁመው ጠብቀውኛል። ከሰዓት በኋላ የሌላ ደንበኛ ተራ ነበር። አልተቆጡኝም። ማሽኑን መታ አድርገው "ቶርና" አሉ፤ "ቶርኖ" አልኳቸው፤ ፈገግ ብለው ካሊፐራቸውን አነሡ። አሮጌውን ሮለር ሦስት ቦታ ለክተው፣ አዲሱን ብረት አስረው ገና መላጥ ሲጀምሩ ሰዓቱ አለቀ።

ማክሰኞ ነፋሱ ጋብ ብሎ ጀልባው ይሠራ ነበር። እኔ ግን በባቡሩ ሄድኩ፤ ኡስታው ቆርቆሮ መዝጊያውን ሲከፍቱ ደርሼ አብረን ወደ ላይ ገፋነው። ማታ በረራ ስለነበረኝ ከአራቱ ሮለር ይዤ የተመለስኩት ሁለቱን ብቻ ነው። ቀሪዎቹ በፖስታ እስኪደርሱ አንድ ማሽን ሸራ ለብሶ ቆመ፤ ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው እኅታችንም ወደ ማሸጊያ ክፍል ተዛወረች።

ለኃላፊዬ ሪፖርቱን ስጽፍ መጀመሪያ "በአየር ሁኔታ ምክንያት" ብዬ ነበር። ሰረዝኩት። መኪና እንላክልህ ብለውኝ እምቢ ማለቴን፣ ወደቡ ላይም ሳልጠይቅ መቆሜን ጽፌ ፈረምኩ።