እመቤታችን ከአራጣ ዕዳ ያወጣችን እንዲህ ነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው በምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና ከተማ ነው። እኔ መምህርት ነኝ፤ እርሱ ደግሞ ከአካባቢው ገበሬ ነጭ ጤፍ እየገዛ አዲስ አበባ የሚያደርስ የእህል ነጋዴ ነው። ስለቴን ባስገባሁ ቀን በዐውደ ምሕረቱ «ከዕዳ ወጥቻለሁ» ብዬ በአጭሩ ተናግሬ ነበር። ከዚያ ወዲህ በተመሳሳይ ጭንቀት ውስጥ ያሉ ሰዎች እየመጡ «እንዴት ሆኖ ወጣችሁ?» ብለው ስለሚጠይቁኝ፣ የተደረገልንን ሳላጎድል ልጽፈው ተነሣሁ።

በ2007 ዓ.ም. የካቲት ወር ባለቤቴ 50 ኩንታል ጤፍ በኢሱዙ አስጭኖ ሲጓዝ፣ ከደጀን በታች ባለው የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ የመኪናው ፍሬን እምቢ ብሎ ተገለበጠ። ቸሩ አምላክ የሰው ሕይወት እንዳይጠፋ ጠበቀ፤ የባለቤቴ እግር ግን ተሰበረ፣ ጤፉም ከፊሉ ገደል ገባ፣ ከፊሉ ከአፈር ጋር ተደባልቆ ቀረ። መኪናው የነበረው የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ስለነበር ለጭነቱ የሚሆን ካሳ አልተገኘም። ጤፉ ደግሞ ከገበሬዎች በዱቤ የተወሰደ ነበር፤ ኩንታሉ በ1,600 ብር ሲታሰብ 80,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ለገበሬው ማዳበሪያ መግዣው፣ ግብር መክፈያው፣ ልጅ መዳሪያው ነው። ባለቤቴም ሆስፒታል ተኝቶ፣ ሕመሙ ገና ሳይበርድለት፣ በመጀመሪያ የተናገረኝ ቃል «የገበሬው ገንዘብ ይከፈል» የሚል ነበር።

ባንክ የሚጠይቀውን ለማሟላት ጊዜ አልነበረንም። በከተማችን ከሚያበድር አንድ ሰው የቤታችንን ካርታ በመያዣ ሰጥተን 80,000 ብር ወሰድን፤ በዚያው ሳምንት ለገበሬዎቹ አንድ ሳይቀር ከፈልን። ወለዱ በወር ከመቶ አሥር ብር ነው፤ በውሉ ወረቀት ላይ ግን ስለ ወለድ አንዲት ቃል አልተጻፈችም። በየወሩ 8,000 ብር ስንከፍል፣ ሁለቱ በሬዎቻችን ተሸጡ፣ የጋብቻ ወርቄ ተሸጠ፣ ከአባቴ የወረስኩት ባሕር ዛፍ ቆሞ ሳለ ተሸጠ። 72,000 ብር ወለድ ከከፈልን በኋላ የምንሸጠው አለቀ፤ ዋናው ገንዘብ ግን እንዳለ ነበር፣ ያልተከፈለው ወለድም በላዩ ይቆለል ጀመር። ሰውየው ደመወዝ የሚወጣበትን ቀን እያወቀ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር፤ ተማሪዎቼ እያዩኝ ቆሜ እለምነዋለሁ። የማርያም ማኅበር ጽዋዬ ሲደርስ የምደግስበት ስላልነበረኝ ከማኅበሩ ቀረሁ። ዕዳ ያለበት ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ከሰው መራቁ ከገንዘቡ ማጣት ይብሳል።

የ2008 ዓ.ም. ፍልሰታ ሲገባ ሱባዔ ያዝኩ። ውዳሴ ማርያም እየደገምኩ፣ ቅዳሴ እያስቀደስኩ፣ «እመቤቴ፣ ከዚህ ዕዳ ብታወጪኝ ለደብረ ወርቅ ማርያም መጋረጃ አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። በሱባዔው መካከል የንስሐ አባታችንን አግኝቼ ጭንቀቴን ስነግራቸው እስከ መጨረሻው ካዳመጡኝ በኋላ፣ «ዕዳሽ ስንት ነው?» አሉኝ። «ብዙ ነው አባቴ» አልኳቸው። «ብዙ የሚባል ቁጥር የለም። ነቢዩ ኤልሳዕ ልጆቿን አበዳሪ ሊወስድባት የነበረችውን መበለት አስቀድሞ የጠየቃት በቤቷ ያለውን እንድትነግረው ነው። አንቺም ያለብሽንም ያለሽንም ጽፈሽ ለእመቤታችን አቅርቢላት፤ ለእኔም አምጪልኝ» አሉኝ።

ያን ሌሊት በሃምሳ ሉክ ደብተር ላይ ከባለቤቴ ጋር ሆነን ጻፍነው። አበዳሪው ከነወለዱ የሚፈልገው 152,000፣ ለሕክምና ከዘመድ የወሰድነው 27,000፣ የሱቅ ዱቤ 6,400፣ የማኅበር ገንዘብ 3,000፤ በድምሩ 188,400 ብር። በሌላው ገጽ ደግሞ ያለንን፦ የእኔ ደመወዝ፣ አንድ ሚዛን፣ ባዶ ጆንያዎች። ባለቤቴ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ገበሬው ያምነኛል፤ እርሱንም ጻፊው» አለኝ። እኔም ጻፍኩት። እንዲህ ያለ ነገር ከሀብት እንደሚቆጠር እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላሰብኩም ነበር። ቁጥሩን ፊት ለፊት ካየሁት በኋላ ጸሎቴም ተለወጠ፤ ማልቀሱን ሳልተው፣ እያንዳንዱን ዕዳ በስሙ እየጠራሁ መለመን ጀመርኩ።

የንስሐ አባታችን ደብተሩን አይተው ሽማግሌ ሰበሰቡ። ከእርሳቸው ጋር ጡረታ የወጡ አንድ ዳኛና አበዳሪው የሚያከብራቸው የእድሩ ሊቀ መንበር ነበሩ። መስቀል ከዋለ በኋላ በደጀ ሰላሙ ተቀመጥን። አበዳሪው መጀመሪያ አሻፈረኝ አለ፤ «ወድደው ነው የተበደሩኝ» አለ። ያን ጊዜ ዳኛው በለሰለሰ አንደበት፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የገንዘብ ብድር ወለድ በዓመት ከመቶ አሥራ ሁለት እንዳይበልጥ እንደሚከለክል ነገሩት። በዚህ ሒሳብ የ80,000 ብር የዓመት ወለድ 9,600 ነው፤ እኛ ግን ከዚህ ጥቂት ብቻ የሚያንስ ገንዘብ በየወሩ ስንከፍል ኖረናል። አራጣ በወንጀል ሕጉም እንደሚያስቀጣ አስታወሱትና፣ «የመጣነው ግን ልንከስህ ሳይሆን ልናስታርቃችሁ ነው» አሉት። የንስሐ አባታችን ደግሞ ከመዝሙረ ዳዊት «ገንዘቡን በአራጣ የማያበድር» የሚለውን አነበቡለት። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ቆየ። ሽምግልናው በዚያ ቀን አላለቀም፤ በመጨረሻ ግን ያልተከፈለው ወለድ ቀርቶ፣ ከከፈልነው 72,000 ብር ግማሹ ከዋናው ዕዳ እንዲታሰብልን፣ የቀረውን 44,000 ብር በየጊዜው እንድንከፍል ተስማማ። ይህን ልብ ያራራው እግዚአብሔር ነው እላለሁ፤ ያን ሰው ከዚያ በፊት በስንት ለቅሶ ለምኜው እንዳልሰማኝ ስለማውቅ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ አሁንም እንባዬ ይመጣል። በ2009 ዓ.ም. ታኅሣሥ ጤፍ ተወቅቶ ሲያበቃ፣ በአደጋው ጊዜ ገንዘባቸውን የከፈልናቸው ገበሬዎች ማንም ሳይልካቸው በአህያ ጭነው ከደጃችን መጡ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ጆንያቸውን ከሚዛኑ አጠገብ አስቀምጠው፣ በምርኩዝ ለቆመው ባለቤቴ «እግርህ ተሰብሮም ገንዘባችንን አልበላህብንም፤ ሸጠህ ትከፍለናለህ» አሉት። ያ በደብተሩ ላይ በፍርሃት የጻፍኩት «ገበሬው ያምነኛል» የሚል መስመር፣ በኤልሳዕ ቃል እንደ በዛው የመበለቲቱ ጥቂት ዘይት፣ ማሰሮውን ሁሉ ሞላው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ገንዘብ በቤታችን ሥርዓት ያዘ። ከሽያጩ የሚገባው በሦስት የጨርቅ ከረጢት ይለያል፦ የገበሬው፣ የዕዳው፣ የቤቱ። የገበሬው ከረጢት ባለቤቱ እስኪመጣ ለምንም ነገር አይነካም። የዕዳውን በሳምንታዊ እቁብ አድርገን፣ ሲደርሰን በቀጥታ ለአበዳሪው በሽማግሌ ፊት እያስቆጠርን እናስፈርማለን። ማታ ከጸሎት በኋላ የቀኑን ገቢና ወጪ በዚያው ደብተር እንጽፋለን፤ ባለቤቴ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ትልቋ ልጃችን ትደምራለች። ከልብስና ከድግስ ተቆጠብን። መጋረጃውን አስቀድሜ ላስገባ ብዬ ስጠይቅ የንስሐ አባታችን «የሰው ገንዘብ በእጅሽ ሳለ እመቤታችን መጋረጃ አትፈልግብሽም፤ ትጠብቅሻለች» ብለው ከለከሉኝ። ይህ ምክር እጅግ ጠቅሞኛል፤ ስለት ያለባቸው ባለ ዕዳዎችም የንስሐ አባታቸውን እንዲጠይቁ እመክራለሁ።

በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ወር የመጨረሻውን ክፍያ ስንፈጽም ውሉ በሽማግሌዎቹ ፊት ተቀደደ፤ የቤታችን ካርታም ተመለሰልን። የዘመድ፣ የሱቅና የማኅበር ዕዳ በቀጣዩ ዓመት አለቀ፤ የማርያምን ጽዋም በቤቴ ደግሼ አሳለፍኩ። ከዚያ በኋላ መጋረጃውን ይዘን ደብረ ወርቅ ወጣን፤ ያንን ጤፍ ካመጡልን ገበሬዎችም አብረውን የተጓዙ ነበሩ። ወለድ ወስዶብን የነበረውንም ሰው ስም በጸሎት ውስጥ አስገብቼ አስታውሰዋለሁ። ይህን ሁሉ ላደረገልን ለልዑል እግዚአብሔር፣ ለወላዲቱም ለድንግል ማርያም፣ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ አሜን።