126 ብልቃጥ

እግሬ የተሰበረው በሐምሌ ዝናብ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ገባ። የቀኝ ቅልጥሜ ሁለት ቦታ ተሰብሮ አጥንቱ ቆዳዬን ቀዶ ወጣ። ሰው ደርሶ እስኪያነሳኝ ጭቃው ውስጥ ተኝቼ ነበር።

አዲስ አበባ ወደሚገኝ ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈልኝ። ቁስሉ ታጠበ፣ አጥንቱ በብረትና በብሎን ተያያዘ፣ ሴፍትሪያክሰን የሚባል አንቲባዮቲክ በደም ስሬ ይሰጠኝ ጀመር። በሳምንቱ "ደህና ነህ" ተባልኩ። በዘጠነኛው ቀን ግን ፋሻው እርጥብ ሆኖ አደረ። ታላቅ እህቴ ጎንበስ ብላ አሸተተችውና ምንም ሳትናገር ሄዳ መስኮቱን ከፈተች።

የዚያን ዕለት ማታ ትኩሳቴ 39.4 ደረሰ። መድኃኒቱ ተቀየረ። ከአምስት ቀን በኋላ እንደገና ተቀየረ። ከዚያ ሌላ ተጨመረበት። በየቅያሪው ተስፋ አደርግ ነበር፤ አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝ ነገሩ ወደፊት እየሄደ ይመስላል። መግሉ ግን አልቆመም። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። በዚያ ሁሉ ጊዜ "ባክቴሪያው ምንድን ነው?" ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

የጠየቀችው አንዲት ወጣት ሐኪም ናት። ወደ ክፍላችን ተመድባ በመጣችበት በመጀመሪያው ቀን ካርዴን ከፊተኛው ገጽ ጀምራ አነበበችና፣ "ካልቸር ተሠርቶለታል?" አለች። ካልቸር ከቁስል ናሙና ወስዶ ባክቴሪያውን በማብቀል ምንነቱንና የሚገድለውን መድኃኒት የሚለይ ምርመራ ነው። መልስ የሰጣት የለም። ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። "እስካሁን በግምት ነው ያከምንህ። አሁን ማንን እየተዋጋን እንደሆነ ማወቅ አለብን።" ናሙናው ቁስሉን ላይ ላዩን በጥጥ በመጥረግ እንዲወሰድ አልፈለገችም። ቆዳ ላይ ያለው ተህዋስ አጥንት ውስጥ ካለው ጋር ላይገናኝ ይችላል። እንደገና ኦፕራሲዮን ክፍል ገባሁ፤ የሞተው አጥንት ተጠረገ፣ ከውስጥ ሥጋና አጥንት ተቆርጦ ለምርመራ ተወሰደ። የመጀመሪያው ብረትም ወጣ። ባክቴሪያ ብረት ላይ ሲያርፍ እንደ ሙጫ ያለ ሽፋን ሠርቶ ውስጡ ይደበቃል፤ መድኃኒቱ እዚያ ድረስ አይዘልቅለትም። በምትኩ እግሬ ከውጭ በኩል በዘንግና በሚስማር ተወጠረ።

የዚያን ሰሞን የሆስፒታሉ ላብራቶሪ ካልቸር አይሠራም ነበር። ናሙናውን ሌላ ቦታ ያደረሰችው እህቴ ናት። በአራተኛው ቀን ውጤቱን ልትወስድ ስትሄድ የላብራቶሪ ባለሙያው ጠርቶ ሳህኑን አሳያት። በስልኳ ያነሳችው ፎቶ ዛሬም አለ። ክብ ግልጽ ሳህን ነው። ላዩ ላይ አዝራር የሚያክሉ ነጫጭ ወረቀቶች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ መድኃኒት ተነክረዋል። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይታያል፤ ባለሙያው ስፋቱን በሚሊሜትር ይለካዋል። በእኔ ሳህን ላይ ባክቴሪያው እስከ ወረቀቶቹ ጠርዝ ድረስ ለምለም ሆኖ በቅሏል። ሴፍትሪያክሰን፣ ሴፍታዚዲም፣ ሲፕሮ፣ ጄንታማይሲን፣ ሁሉም እንዲሁ። ጥርት ያለ ክብ የነበረው በሁለት ወረቀቶች ዙሪያ ብቻ ነው፤ ሜሮፔነምና አሚካሲን።

ያንን ፎቶ ሳይ ነው የሦስቱ ሳምንት ነገር የገባኝ። ውኃ ሲወጉኝ ከርመዋል ማለት ነው።

ባክቴሪያው ክሌብሲየላ ይባላል። ጤነኛ ሰው አንጀት ውስጥም ይኖራል፤ ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ በእጅ፣ በዕቃና በአልጋ ይዛመታል። የእኔው የፔኒሲሊንንና የሴፍትሪያክሰንን ቤተሰብ የሚሰብር ኢንዛይም ነበረው። ከሁሉ የከፋው ነገር ይህን ችሎታ ለጎረቤቱ ባክቴሪያ፣ ለሌላ ዝርያም ጭምር፣ ማውረስ መቻሉ ነው።

እኛ ዘንድ "ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል" ይባላል። እኔም ስል ኖሬያለሁ። ሐኪሟ ግን አረመችኝ፤ የለመደው ባክቴሪያው እንጂ ሰውነቴ አይደለም። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሰውነቴ ቢሆን ኖሮ ጣጣው የእኔ ብቻ ይሆን ነበር። ባክቴሪያው ከሆነ ግን አጠገቤ ለተኛው ሽማግሌ፣ ለነርሷ፣ ለምታስታምመኝ እህቴም ይተርፋል። ለጉንፋን አሞክሳሲሊን ገዝቼ ሁለት ቀን ውጬ የተውኩባቸውን ጊዜያት ነገርኳትና ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ጠየቅኳት። "ይህኛው ምናልባት እዚሁ ሆስፒታል ውስጥ የያዘህ ነው" አለችኝ። "ያ ልማድህ ግን ጥሩ አይደለም።" ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ የማይገድል መጠን የሚወስድ ሰው ተህዋሱን መድኃኒት እንደሚያለማምደው አስጠንቅቆ ነበር። አልጋ ላይ ሆኜ ሳነበው አፈርኩ።

አሚካሲን ኩላሊትንና ጆሮን ስለሚጎዳ ሜሮፔነም ተመረጠ። 1 ግራም፣ በየስምንት ሰዓቱ፣ ለስድስት ሳምንት። እህቴ በደብተሯ አባዝታ 126 ብልቃጥ ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ቀን ይኖራል፣ አንድ ቀን የለም። የእህቴ ባል ከሥራ ሲወጣ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይዞር ነበር። አንዱ ጋ አራት፣ ሌላው ጋ ስድስት። አንዱ ብልቃጥ ከሁለት ቀን ደሞዜ ይበልጥ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ አዋጡ። እህቴ እቁብ ትጥላለች፤ በዚያ ወር ዕጣ የወጣላቸው እናት ነገሩን ሰምተው "እኔ በኋላ እወስዳለሁ፣ መጀመሪያ ልጁ ይዳን" ብለው ብሩን ለቀቁላት። እኚህን እናት እስከዛሬ በዓል ሲሆን ሳልጠይቃቸው አልቀርም።

በእህቴ ደብተር ላይ የመድኃኒቱ ሰዓት ተሰምሯል፤ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ማታ መድኃኒቱ አለቀ። የእህቴ ባል ስልክ አያነሳም። 4 ሰዓት አለፈ፣ 5 ሰዓት አለፈ። ጣሪያውን እያየሁ ባክቴሪያው እንደገና ሲበቅል የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር። 6 ሰዓት ከሩብ ላይ በዝናብ በስብሶ ገባ፤ ሦስት ብልቃጥ በፌስታል ጠቅልሎ ጃኬቱ ውስጥ ይዟል። ተረኛዋ ሲስተር ምንም ሳትጠይቀው ተቀብላው መርፌውን አዘጋጀች። ከዚያ ማታ በኋላ የሦስት ቀን ስንቅ ሳይያዝ አድረን አናውቅም። እንዲህ ዓይነት ሕክምና ላይ ያለ ሰው ቢጠይቀኝ ከሁሉ አስቀድሜ የምነግረው ይህንን ነው።

የከበደኝ ሌላው ነገር ጠያቂ ነው። በእኛ አገር ታማሚ ጠይቆ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ሳይሉ፣ ግንባሩን ሳይዳስሱ መሄድ እንደ ነውር ነው። ሐኪሟ ደግሞ ማንም አልጋዬ ላይ እንዳይቀመጥ፣ ሲገባም ሲወጣም እጁን እንዲያጸዳ አዛለች። እህቴ የእጅ አልኮል ብልቃጡን የአልጋዬ እግር ላይ በክር አሰረችው። አክስቴ "ቆሻሻ ሆንን እንዴ?" ብለው ተቀየሙ። ለእሳቸው የነገርኳቸው እንዲህ ብዬ ነው፦ "እርስዎን ፈርቼ አይደለም፣ ለእርስዎ ፈርቼ ነው። ይህ ነገር ከእኔ ወጥቶ የልጅ ልጅዎ ጋ እንዲደርስ አልፈልግም።" ዝም አሉ፤ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ አልኮሉን ራሴ አፈሰስኩላቸው።

እናቴ ጠበል አምጥታ ነበር። ይከለክሉኛል ብላ ነጠላዋ ሥር ደብቃዋለች። ሐኪሟ አየቻት። "እማማ፣ ይጠጣው። ቁስሉ ላይ ብቻ እንዳይፈስ፤ መርፌውም እንዳይቋረጥ" አለቻት። እናቴ ከዚያ ቀን በኋላ ያቺን ልጅ ሳትመርቅ አድራ አታውቅም። ብትከለክላት ኖሮ እኔን ይዛ መውጣቷ አይቀርም ነበር፤ ከክፍላችን እንዲያ የወጡ አይቻለሁ።

መግሉ በሦስተኛው ሳምንት ደረቀ። 126ኛው ብልቃጥ የገባው በጥቅምት ወር አንድ ጠዋት ነው። የውጪው ዘንግ ግን እስከ ሰኔ አልወጣም። ዛሬ ቀኝ እግሬ ከግራው አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ያጥራል፤ ጫማዬ ውስጥ ሶል ይጨመርበታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት ወደ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ በኋላ አነበብኩ። ከክፍላችን ስማቸውን የማውቃቸው ሁለት ሰዎች ከኢንፌክሽን አልተነሱም። ባክቴሪያቸው ምን እንደነበረ አላውቅም። ካልቸር አልተሠራላቸውም።

ያንን ጥያቄ በመጀመሪያው ሳምንት ብጠይቅ ኖሮ እያልኩ አስባለሁ። ደፍሬ ሐኪም መጠየቅ አልለመድኩም ነበር፤ እንደ መናቅ ይመስለኝ ነበር። አሁን መድኃኒት በተቀየረ ቁጥር፣ ለእኔም ይሁን ለዘመድ፣ "ካልቸር ይሠራለት ይሆን ዶክተር?" እላለሁ። በትሕትና ከተጠየቀ የተቆጣኝ እስካሁን የለም። ሳህኑን የሚገልጸውን የውጤት ወረቀት አስለብጬ ከመታወቂያዬ ጋር እይዛለሁ።

ባለፈው ወር ጥርሴን አሞኝ ሄድኩ። ሐኪሙ ማዘዣውን አውጥቶ መጻፍ ሊጀምር ሲል ወረቀቱን ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። እስክሪብቶውን አስቀመጠና፣ "እስቲ አፍህን እንደገና ክፈት" አለኝ። በመስታወቷ ቆይቶ አየው። "አንቲባዮቲክ አያስፈልግህም። ከፍቼ ላጽዳው፣ ይበቃል" አለኝ።