ቤተሰቡ ለዕረፍት ሲወጣ የሞግዚቷ ደመወዝ እንዴት ይሁን?

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ የሚከርም ቤተሰብ ብዙ ነው። ተመላላሽ ሞግዚት ያለው ቤተሰብ ግን ሻንጣውን ከማዘጋጀቱ በፊት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ቤተሰቡ በማይኖርባቸው ሳምንታት የሞግዚቷ ደመወዝ ምን ይሆናል? እኔና ባለቤቴ ነሐሴንና ጳጉሜንን ሐዋሳ ወላጆቼ ዘንድ ለመክረም በወሰንን ጊዜ ይህን ጥያቄ እንዴት እንደፈታነውና ከዚያም ምን እንደተረዳሁ እዚህ አሰፍራለሁ።

ልጆቻችንን የሚይዙልን ሴት በዕድሜ ከእኔ በጣም የሚበልጡ፣ ከጉራጌ መጥተው ሽሮ ሜዳ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። በየማለዳው በታክሲ በስድስት ኪሎ በኩል ወርደው አራት ኪሎ ቤታችን ይደርሳሉ። ልጆቹ «እማማ» ይሏቸዋል፤ እኔ «እትዬ» እላቸዋለሁ። ገቢና ወጪያቸውን የመመርመር መብት የለኝም፤ ሆኖም አብሮ የሚውል ሰው የሚሰማው ነገር አለና ኪራያቸውን ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት እንደሚከፍሉ፣ በየእሑዱ ዕቁብ እንደሚጥሉ፣ የዕድር መዋጮም እንዳለባቸው አውቅ ነበር። አሠሪዋ ሐዋሳ ሄዳለችና ይህ ወር ይለፋቸው የሚል አከራይም ሆነ የዕቁብ ዳኛ የለም።

ጉዳዩን ካነሳሁላቸው ዘመዶቼ አንዳንዶቹ «ላልሠሩበት ምን ብለሽ ትከፍያለሽ? እሳቸውም አገራቸው ገብተው ይረፉ፤ ስትመለሱ ይቀጥላሉ» አሉኝ። ይህን ያሉት በክፋት አልነበረም፤ በብዙ ቤት የተለመደው አሠራር ይኸው ነው። እኔ ግን መምህርት ነኝ። ሐምሌና ነሐሴ ክፍል ሳልገባ ደመወዜ ይከፈለኛል፤ ይህንንም አንድም ሰው እንደ ችሮታ ቆጥሮት አያውቅም፤ መስከረም ሲጠባ በቦታዬ እንድገኝ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ክረምቱን ያለ ደመወዝ ሊያቆየኝ እንደማይችል ሁሉም ይረዳዋል። እኛም ከሐዋሳ ስንመለስ እትዬን በራችን ላይ ማግኘት እንፈልግ ነበር። ጉዞውን የወሰንነው እኛ፣ ቀኑን የቆረጥነው እኛ ሆነን ሳለ የጉዞው ዋጋ በእሳቸው ኪራይና ዕቁብ ላይ እንዲወድቅ ማድረግ ለእኔ ፍጹም ተቀባይነት የለውም።

ባለቤቴ በግማሽ ደመወዝ መስማማት ይቻል እንደሆነ ጠይቆ ነበርና ሐሳቡን በሚገባ ተወያየንበት። የደረስንበት መደምደሚያ ግማሽ የሚከፍል ሰው ሠራተኛውን ሙሉ በሙሉ ለራሱ ይዞ ሊያቆይ አይገባውም የሚል ነው። አቅሙ በእርግጥ የማይፈቅድለት ቤተሰብ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት እውነቱን ተናግሮ፣ ሞግዚቷ በዚያ መሃል ሌላ ሥራ እንድትይዝ ነፃ ሊያደርጋት ይገባል፤ ካልተመለሰችም ሊቀየማት አይገባም። እኛ የመጓጓዣውንና የመዝናኛውን ወጪ ቀንሰን ሙሉውን ለመክፈል ወሰንን፤ በተግባርም የሐዋሳ ቆይታችን ከመጀመሪያው ዕቅድ በጥቂት ቀናት አጠረ።

ሕጉ ምን እንደሚልም ለማየት ሞክሬአለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ባልሆነ ዓላማ የሚደረግን የግል አገልግሎት ቅጥር ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጎ፣ የዚህ ሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወሰን ይተወዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ሠራተኞች ያስቀመጣቸው ጥቂት አንቀጾችም በአብዛኛው ከአሠሪው ጋር በሚኖር ሠራተኛ መኖሪያ፣ ምግብና ጤና ላይ ያተኮሩ ናቸው። ስለዚህ ለተመላላሽ ሞግዚት የዕረፍት ጊዜ ደመወዝ ግልጽ መልስ ስላላገኘሁ አዋጁ ለሌላው ሠራተኛ የሰጠውን እንደ መለኪያ ወሰድሁት። አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ቢያንስ 16 የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር የዓመት ፈቃድ ያገኛል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አገልግሎት ደግሞ አንድ ቀን ይጨመርለታል። የፈቃድ ፕሮግራሙም ሲወጣ የሥራውን አካሄድ ብቻ ሳይሆን በተቻለ መጠን የሠራተኛውን ፍላጎት ያገናዘበ መሆን አለበት።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ይልቅ አሳስቦኝ ነበር። የእኛን ነሐሴ የእትዬ የዓመት ፈቃድ አድርጎ መቁጠር ለእኛ የሚመች ቀላል መንገድ ነበር፤ አንድ ከሰዓት ልጆቹ ተኝተው ቡና ሲያፈሉ «እትዬ፣ አገር ቤት መሄድ የሚፈልጉት መቼ ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው ግን መልሳቸው አጭር ነበር። «ልጄ፣ ጉራጌ በነሐሴ ምን ሊሠራ ይሄዳል? ዝናቡ፣ ጭቃው! እኔ የምሄደው ለመስቀል ነው፤ ዕቁቡንም የምጥለው ለዚያ ነው።» ለጉራጌ መስቀል ማለት በየከተማው የተበተነ ልጅ የሚሰበሰብበት፣ ሰንጋ የሚታረድበት፣ ክትፎና ቆጮ የሚቀርብበት፣ ተለያይቶ የከረመ ዘመድ የሚገናኝበት የዓመቱ ታላቅ በዓል ነው። ፈቃዳቸውን በነሐሴ ጨርሰንባቸው ቢሆን ኖሮ ሽሮ ሜዳ ውስጥ ዝናብ እያዩ ይከርሙና መስከረም 17 ሲደርስ የእኛን ልጆች ይዘው አራት ኪሎ ይውሉ ነበር። ከዚህ በኋላ ውሳኔው አላስቸገረንም፤ እኛ የምንሄድበት ጊዜ በሙሉ ደመወዝ የሚቆጠር ሆኖ የእሳቸው ፈቃድ ግን ሳይነካ ለመስቀል እንዲቀመጥ ተስማማን።

ቀጥሎ የተነሳው ቤት የመጠበቅ ጉዳይ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶውን የሚሞላ፣ በክረምቱ እርጥበት ቤቱ እንዳይሻግት መስኮት የሚከፍት ሰው ያስፈልገን ነበር፤ እትዬም ፈቃደኛ ነበሩ። ይሁን እንጂ ደመወዝ እየተከፈላቸው ነውና በዚያው ይህንንም ይሥሩ የሚለውን ሐሳብ አልተቀበልሁትም፤ የተቀጠሩት ልጅ ለመያዝ እንጂ ቤት ለመጠበቅ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ቤት ሠራተኞች ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 189 የቤት ሠራተኛ በዕለትና በሳምንት ዕረፍቱ ወይም በዓመት ፈቃዱ ጊዜ በአሠሪው ቤት የመቆየት ግዴታ እንደሌለበት ይደነግጋል። የእኛ ጉዳይ በትክክል የዓመት ፈቃድ ባይሆንም መንፈሱ ተገቢ መስሎ ታየኝ። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ብቅ እንዲሉ ተስማምተን ለእያንዳንዱ ቀን ከደመወዛቸው ውጭ የቀን ሒሳብና የታክሲ ከፈልናቸው፤ የሚመጡበትን ቀንና ሰዓትም ለእሳቸው ተውንላቸው።

ቁልፍ መስጠት ከባድ አደራ ነው፤ አደራው የሚከብደው ደግሞ ለሚቀበለው ሰው ነው። አንድ ዕቃ ቢጠፋ ዓይን ሁሉ የሚያርፈው ቁልፍ በያዘው ሰው ላይ ስለሆነ፣ ወርቄንና ሰነዶቻችንን ዘመድ ቤት አኖርሁ፤ መኝታ ቤታችንን እሳቸው ባሉበት ቆልፌ ቁልፉን ይዤ ሄድሁ። ሁለተኛው የውጭ በር ቁልፍ ጎረቤታችን ዘንድ እንዳለም ነገርኋቸው። ይህን ያደረግሁት እሳቸውን ተጠራጥሬ ሳይሆን ማንም እንዳይጠራጠራቸው መሆኑን በግልጽ ስነግራቸው «እግዜር ይስጥሽ፣ እኔም ይህን ልልሽ አፍሬ ነበር» አሉኝ።

ምግብና ታክሲም ራሱን የቻለ ሐሳብ ይጠይቃሉ። እትዬ ቁርስና ምሳ የሚበሉት እኛ ቤት ነው፤ እኛ ስንሄድ ግን ያ ምግብ ከኪሳቸው ሊወጣ ነው። ተመላላሽ ሠራተኛ የምትበላው ምግብ የክፍያዋ አካል ነው ብዬ ስለማምን በወር ምን ያህል እንደሚሆን ከእሳቸው ጋር ገምተን በገንዘብ ሰጠናቸው። የዘወትሩን የታክሲ አበል ግን አቆምን፤ ያልተሄደበት መንገድ ወጪ የለውምና እሳቸውም ራሳቸው ይህን ቀድመው አንስተዋል።

ጳጉሜን በወር ደመወዝ ስሌት ውስጥ ብዙ ጊዜ የምትረሳ ወር ናት። ደመወዙ ለ30 ቀን ከሆነ አምስቱ ቀናት፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያበቃም ስድስቱ፣ የማንም ሳይሆኑ ያልፋሉ፤ ኪስ ግን በእነዚህም ቀናት ይበላል፤ እንቁጣጣሽም ከኋላዋ ይመጣል። ለምሳሌ የወር ደመወዙ 6,000 ብር ቢሆን የቀኑ 200 ብር፣ የጳጉሜን አምስት ቀን 1,000 ብር ይሆናል። እኛ በሌለንበትም ቢሆን ይህን ከፍለናል፤ ባለንበት ዓመት ደግሞ ሥራ የሚሠራባት ወር ስለሆነች መክፈሉ ይበልጥ ግድ ነው ባይ ነኝ።

አከፋፈሉን በተመለከተ ሁሉንም አስቀድሜ ልስጥ የሚል ሐሳብ ነበረኝ፤ እትዬ ግን አልተስማሙም። በእጅ ያለ ገንዘብ ብድር ጠያቂ ያበዛል ብለው የነሐሴን እኩሌታ ከመሄዳችን በፊት፣ ቀሪውን ነሐሴ 30 ቀን በቴሌብር፣ የጳጉሜንን ደግሞ እንደተመለስን እንድንሰጣቸው መረጡ። ገንዘቡ የእሳቸው እንደመሆኑ የአከፋፈሉ ምርጫም የእሳቸው ሊሆን ይገባል። ሁሉንም በአንድ ገጽ ላይ፣ ደመወዙን፣ የምግቡን፣ የቤት ጥበቃውን ቀን ሒሳብ፣ የመስቀሉን ፈቃድ፣ ብንዘገይ የሚጨመረውን ክፍያ ጭምር ጽፈን፣ ልጃቸው አንብቦላቸው በሁለት ቅጂ ተፈራረምን። መጀመሪያ ላይ ወረቀት መፈራረሙ ቅር ያሰኛቸው ይሆን ብዬ ሠግቼ ነበር፤ አንዱን ቅጂ ግን በጥንቃቄ አጥፈው ከዕቁብ ደብተራቸው ጋር አኖሩት።

ለመስቀል ሲሄዱ ልጆቹን የያዘችልን ከሐዋሳ አብራን የመጣችው እናቴ ናት። ይህንንም ያሰብነው ገና በሐምሌ ነው፤ መስከረም የትምህርት መጀመሪያ በመሆኑ እኔ ከሥራ ልቀር አልችልም፣ ባለቤቴም ፈቃዱን በነሐሴ ጨርሶ ነበር። ተመላላሽ ሞግዚት ያለው ቤተሰብ የራሱን ጉዞ ሲያቅድ የእሷን ፈቃድ የሚሸፍነውን ሰው አብሮ ካላሰበ በወረቀት የሰጠውን ፈቃድ በተግባር ለመከልከል ይገደዳል። ለመጪው ዓመትም የእትዬን የመስቀል ቀናት አስቀድመን በቀን መቁጠሪያው ላይ ከጻፍን በኋላ ነው የራሳችንን ጉዞ የምንቆርጠው።