አብዬ ላይ ሴቶቹን እንዴት አናገርናቸው

አብዬ የሄድኩት ከኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ጋር ለሰላም ማስከበር ነው። ሱዳንና ደቡብ ሱዳን የሚወዛገቡበት አካባቢ ነው። የእኛ ጦር ወደዚያ የገባው የተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤት በሰኔ 2003 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ 1990 መሠረት ነው። የመሬቱ ነዋሪዎች ንጎክ ዲንካዎች ናቸው። ሚሲሪያ የሚባሉት የሱዳን አረብ አርብቶ አደሮች ደግሞ በጋ ሲገባ ከብታቸውን እየነዱ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ጠቡ የሚነሳው በአብዛኛው ያኔ ነው። ከብት ይዘረፋል፣ ሰው ይሞታል፣ ደም መመለስ ይከተላል።

ቅኝት ወጥተን መንደር ስንገባ የሚቀበሉን ሽማግሌዎች ናቸው። ዛፍ ሥር ወንበር ይወጣልናል፣ "ሁሉም ሰላም ነው" እንባላለን። ሴቶቹ ግን ከሩቅ ቆመው ያዩናል። እኔና አንዲት ባልደረባዬ፣ ሁለታችንም ሴት ወታደሮች፣ አዛዣችንን አስፈቅደን ወደ ውሃ ፓምፑ መሄድ ጀመርን።

መጀመሪያ ከ"ደህና ነን" በቀር ምንም አላገኘንም። አስተርጓሚያችን ወንድ ነው፣ የዚያው አካባቢ ልጅ። እሱ ቆሞ እያለ ማን አፉን ይከፍታል? ደግነቱ ባልደረባዬ የአሶሳ ልጅ ናት፣ አረብኛውን ታንበለብለዋለች። ከሴቶቹም ካርቱም ኖረው የተመለሱ ነበሩ። አስተርጓሚውን ከሽማግሌዎቹ ጋር ትተነው ሄድን። እሷ ታወራለች፣ እኔ የፓምፑን እጀታ ይዤ ጀሪካን እሞላለሁ። ጀሪካኑ እስኪሞላ ብዙ ነገር ይወራል።

ስለ መደፈር በቀጥታ አንጠይቅም፣ ስምም አንጽፍም። "እንጨት የምትለቅሙት የት ነው?" እንላለን። መልሱ ራሱ ይናገራል። የቅርቡን መንገድ ትተው በሩቁ የሚዞሩ ከሆነ እዚያ የሚፈሩት ሰው አለ ማለት ነው።

ከባዱ ሥራ ጦር ሰፈር ከተመለስን በኋላ ያለው ነው። "ሴቶቹ ፈርተዋል" ብሎ ሪፖርት ማድረግ ዋጋ የለውም፣ መዝገብ ውስጥ ያድራል። ቦታውንና ሰዓቱን ስንጽፍ ግን የቅኝቱ ሰዓት እንጨት ወደሚለቀምበት ጠዋት ተዛወረ። ሴቶቹም ይህን አይተው ነው ሁለተኛ ያወሩን።

ሴት በተፈጥሮዋ ሰላማዊ ስለሆነች ለዚህ ሥራ ትመቻለች የሚሉ ሰዎች ያስቁኛል። እኔ የመትረየስ ተኳሽ ነኝ። ለሥራው የጠቀመኝ ፓምፑ ጋ መቆም መቻሌ ነው።

ሴቶች በሰላምና ፀጥታ ሥራ እንዲሳተፉ የሚጠይቀው የፀጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 1325 ከወጣ ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ቁጥር ብዙ ይወራል። የተባበሩት መንግሥታት እስከ 2028 እ.ኤ.አ. ከሚዘምተው ጦር 15 በመቶው ሴት እንዲሆን አቅዷል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ሴቶቹ ተቆጥረው ወጥ ቤትና ክሊኒክ ብቻ ከተመደቡ መንደሩ ለውጡን አያየውም። በልካቸው ያልተሠራ የጥይት መከላከያ ልብስ ደግሞ ሴት ሰላም አስከባሪዎች በየአገሩ የሚያነሱት ቅሬታ ነው። ትከሻ ላይ እየተንሸራተተ ቀኑን ሙሉ በእግር መሄድ ቀልድ አይደለም።

ለምትሄዱ አንድ ምክር አለኝ። ግዳጃችሁ ሲያልቅ የምትተካችሁን ልጅ ሳትወጡ ፓምፑ ጋ ውሰዷት። ከሴቶቹ ጋር አስተዋውቋት፣ ጀሪካንም ትሙላ። አለዚያ ከ"ደህና ነን" ትጀምራለች።